አራቱ ማውዝፒሶች በአብዶ ልብስ ስፌት ቤት

መልሱን አውቃችሁ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ከተናገራችሁ በኋላ፣ ለካ ጥያቄውን የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ የገባችሁ ጊዜ አለ? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም አስተማሪ ሆኜ። ባለፈው ሳምንት ሮቤ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ጭማቂ ቤት ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር ሳርም፣ አንዲት ልጅ ሎሚ መጭመቅ ጀመረች። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሎሚ በሞቀ ውሃ፣ ትንሽ ጨው ጣል የተደረገበት። ይህ ሽታ ለሌላው ሰው የጉንፋን መድኃኒት ነው። ለእኔ ግን የሳክስፎን ሽታ ነው፣ ለእኔ የጎባ ቅዳሜ ነው፤ እርማቱም በዚያው ቀረ።

ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ላስረዳ። ያኔ ገና የተመደብኩ ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። የተወለድኩት ዲንሾ ነው፤ ሳክስፎን የተማርኩት ኮሌጅ ሳለሁ በሙዚቃ ክበብ ነው፤ የማስተምረው ሮቤ ነው፤ ልቤ ግን ጎባ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከሰልባጅ የገዛኋትን ትከሻዋ ሰፊ ቡናማ ኮት ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ከሮቤ ጎባ ሁለት ብር ነበር። ዛሬ በሁለት ብር የባጃጅ ሹፌር ዞር ብሎም አያያችሁም። ያኔ ባጃጅ የሚባል የለም፤ ሮቤ ውስጥ የሚያመላልሰን ጋሪ ነው፣ ፈረሶቹም ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጉንጉን ይንጠለጠልላቸው ነበር። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም። ጎባ ስንደርስ ጉሙ ገና ከመንገዱ አልተነሳም፤ ካሴት ቤቱ ግን ማልዶ ከፍቶ፣ በሩ ላይ ባቆመው ትልቅ ድምፅ ማጉያ የዓመቱን ዘፈን ሁሉ ለጉሙ ያሰማዋል። ወጣቶቹ ጂንስ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ካሴት ሳይገዙ ዘፈን ጠግበው ይሄዳሉ። ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ፣ ወደ ገበያው በሚያወርደው ቁልቁለት ማዕዘን ላይ፣ የአብዶ ልብስ ስፌት ቤት አለ። ነበረ ማለቴ ነው። አሁን ስልክ መጠገኛ ሆኗል፤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላኛው የመንገዱ ዳር አዞራለሁ።

አብዶ በሳምንቱ ቀናት ኮትና ሱሪ ይሰፋል፤ ቅዳሜ ቴነር ሳክስፎን ይነፋል። ሁለቱንም እዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራበት ምክንያት ነበረው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የጨርቅ ጥቅል ስለተደረደረበት ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም። ጨርቅ ድምፅ ይበላል። ይህን በፊዚክስ ቋንቋ አሳምሬ ሳስረዳው፣ «አይ ቲቸር፣ እኔ የማውቀው ጎረቤት እንዳልከሰሰኝ ነው» አለኝ። ሌላው ተጫዋች ዳኒ ነው፤ በሮቤና በዲንሾ መካከል ሚኒባስ ይነዳል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በጴንጤ ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መካከል ቆሞ ይነፋል። የሁላችንም ታላቅ ጋሽ በዳሳ ነበሩ። ስልሳን አልፈዋል። በጉብዝናቸው ጊዜ ከአንድ የኪነት ቡድን ጋር ባሌን ከዳር እስከ ዳር እየዞሩ ነፍተዋል፤ ያኔ ያዳመጣቸው ሰው ዛሬም መንገድ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል። እኔና ዳኒ ጋሼ እንላቸዋለን፤ አብዶ ብቻ በኦሮምኛው «ኦቦ» ይላቸዋል።

ሳክስፎን የማታውቁ ትኖራላችሁና ማውዝፒስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ተጫዋቹ አፉ ውስጥ የሚያስገባው፣ ከአንድ ጣት ትንሽ የሚረዝም የመሣሪያው ጫፍ ነው። ከሥሩ ቀጭን የሸምበቆ ምላስ ትታሰርበታለች፤ ስትነፉ የምትርገበገበው እሷ ናት። ማውዝፒሱ አፉ ሰፊ ከሆነ ድምፁ ይጮኻል፣ ግን ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል። ጠባብ ከሆነ ለትንፋሽ ይቀላል፣ ድምፁ ግን ይታፈናል። አንዳንዱ ብረት ነው፣ አንዳንዱ ጥቁር ጠንካራ ጎማ፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ። ስለዚህ ሳክስፎን ነፊዎች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ማውዝፒስ ይለዋወጣሉ፣ ይሞክራሉ፣ ያማሉ፣ ይመቀኛሉ። እኛ ዘንድ አራት ነበሩ። አንደኛው የጋሽ በዳሳ የድሮ ብረት ነው፤ የጥርሳቸው ቦታ ተቦርቡሮበታል። ሁለተኛው አብዶ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ጥቁር ነው። ሦስተኛው የዳኒ እህት ከጂዳ ስትመለስ ያመጣችው፣ ወርቅ ቅብ፣ አራተኛው ደግሞ ከሁሉ የረከሰው ፕላስቲክ። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ስናስተላልፍ መጀመሪያ በአረቄ ነበር የሚታጠበው። ዳኒ ጴንጤ ቢሆንም ማጠቢያ እንጂ መጠጥ አይደለም ብሎ ያልፈዋል፤ አብዶ ግን አረቄ ስለማይነካ ለእሱ በሎሚና በጨው የሞቀ ውሃ በሌላ ብርጭቆ ይቀርብለታል። ሁለት ብርጭቆ ማቅረብ ደግሞ ሰውን እንደ መለየት ነው ብለው ጋሽ በዳሳ የአረቄውን ብርጭቆ አነሱት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ሎሚ ሆንን። «ለካ ሰይጣኑ ያለው ማጠቢያው ውስጥ ነበር፣ አልሃምዱሊላህ» ብሎ አብዶ ዳኒን ይጎነትለው ነበር።

ሥርዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። በትዝታ ቅኝት አንድ አጭር ዜማ አለን፤ እያንዳንዱ ማውዝፒስ በዚያው ዜማ ይፈተናል፣ የሚጀምሩትም በዕድሜ ታላቁ ጋሽ በዳሳ ናቸው። ዜማውን ሲጀምሩ ቤቱ ይሞላል። ወደ ላይ ሲወጡ ግን ድምፁ ሲጥ ይላል፤ ወይም መሐል ላይ ትንፋሹ ያልቅና ዜማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ አብዶ ከመርፌው ቀና ሳይል፣ «ማውዝፒሱ ነው ኦቦ» ይላል። ዳኒ ይከተላል፤ ሸምበቆዋ ደርቃለች፣ ማሰሪያው ላልቷል፣ ጎባ ብርዱ መሣሪያ ይበላል ይላል። ጋሽ በዳሳም ማውዝፒሱን አገላብጠው ያዩና፣ «ልክ ነህ፣ ይሄ ነገር አርጅቷል» ብለው ሌላውን ያነሳሉ። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ምን መሰለኝ? ሦስት ሰዎች የተሻለውን ዕቃ ለማግኘት ሲደክሙ፣ ግን ዘዴ ስለሌላቸው ዓመት ሙሉ እዚያው ሲሽከረከሩ። ዘዴ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

በዚያ ዓመት ችኮላ መጣ። የጋሽ በዳሳ አንዲት ልጅ ሌንሴ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ቀን ተቆረጠ። እሳቸውም ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የምነፋው እኔ ነኝ ብለው ለከተማው ሁሉ ተናገሩ። ለሻይ ቤቱም፣ ለፖስታ ቤቱም፣ ለንስሐ አባታቸውም። ስንት የሰው ልጆች ሲዳሩ ነፍቻለሁ፣ የራሴ ልጅ ሲደርስ ቁጭ ብዬ አላይም ይሉ ነበር። አብዶ ሙሉ ልብሳቸውን ሊሰፋላቸው ልኬት ወሰደ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ክንዱ ላይ ለነፊ እንዲመች ላላ ያለ። ለሰርጉ የቀረው ስድስት ቅዳሜ ነበር። እኔም የትኛው ማውዝፒስ እንደሚሻላቸው አንድ ጊዜ ለሁልጊዜ ፈትነን እንወቅ አልኩ። አብዶና ዳኒ ተያዩ። ፈተና ምን ያደርጋል፣ ጆሮ አለን አሉኝ። ጋሽ በዳሳ ግን ደስ አላቸው፤ የተማረ ሰው በመካከላችን ካለ ለምን አንጠቀምበትም አሉ። የተማረ ሰው ሲሉኝ ኮቴ ላይ ትከሻ ተጨመረልኝ።

ፈተናው እንዲህ ነው። በአንድ ሙከራ ውስጥ የምትቀይሩት አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት፤ ይህን ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ አስተምራለሁ። ስለዚህ ሳክስፎኑ የአብዶ ብቻ፣ ሸምበቆዋ አንድ ዓይነት፣ ዜማውም ያው የተለመደው። አራት ሰዎች አራቱንም ማውዝፒሶች ይነፋሉ፤ አሥራ ስድስት ቅጂ። በትንሿ ቴፔ ቀዳሁት። ከዚያ ካሴት ቤቱ ወስጄ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቀው ሌላ ካሴት ላይ እንዲገለብጡልኝ አደረግሁ፤ የትኛው ቁጥር የማንና የየትኛው ማውዝፒስ እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት እኔ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው፤ እኔም እንዳላይ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። በሳምንቱ ሁላችንም ቁጭ ብለን እንሰማለን፣ ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን፣ ማንም ለማንም አያዳላም። እስካሁን ድረስ በዘዴው ላይ ስህተት አላገኘሁበትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለ ካሬ ደብተሬን ቀዳድጄ ለእያንዳንዳቸው ሠንጠረዥ አደልኩ። ቴፑን በተቆረጡ ጨርቆች ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱ የመጀመሪያ ቅጂዎች ደህና ነበሩ። ሦስተኛው ሲጀምር አብዶ የከሰል ካውያውን አስቀምጦ ወደ በሩ አየ። ጋሽ በዳሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዳምጡት። ድምፁ ወደ ላይ ወጣ፣ ሲጥ አለ፣ ወረደ፣ መሐል ላይ አለቀ።

ጋሽ በዳሳ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው? ትንፋሹ እኮ የለም» አሉ።

«ቴፑ ነው ኦቦ» አለ አብዶ። «ባትሪው ደክሟል።»

ባትሪው አዲስ ነው አልኩ። ትናንት ነው የገዛሁት። ማሸጊያውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። አብዶ ያን ዕለት ያየኝን አስተያየት አሁንም አየዋለሁ፤ ያኔ ግን የጨዋታው ደንብ ያልገባው መስሎኝ ነበር። ሰባተኛው ላይ ዳኒ ተራዬ ደርሷል፣ መኪናው ይጠብቀኛል ብሎ ተነሳ። ጋሽ በዳሳ ቁጭ በል፣ ቲቸር የጀመረውን ይጨርስ ብለው አስቀመጡት። አሥረኛው ላይ ሳቅ ብለው፣ «አሁንስ አሳዘነኝ። ይሄ ሰውዬ ሳይዋረድ ቢያርፍ ጥሩ ነው» አሉና ከአሥር ሁለት ጻፉ። የጻፉት በእስክሪብቶ ነው። አብዶና ዳኒ ለእነዚያ ቅጂዎች አሥር አሥር ነበር የሚሰጡት። ወረቀታቸውን በዓይኔ ጫፍ አይቼ፣ ለካ እነዚህ ሰዎች ጆሮ የላቸውም ብዬ በልቤ ናቅኋቸው።

ሲያልቅ የታጠፈውን ወረቀት ገልጬ ነጥቡን ደመርኩ። ማውዝፒሶቹን አወዳደርኩ፤ ከብረቱ ጀምሮ እስከ ርካሹ ፕላስቲክ፣ በአራቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም። ቁጥሩ የሚለያየው በነፊው ነው። ይህ ግኝት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተነስቼ፣ በአብዶ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ እጄን ጭኜ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ቀስ ብዬ፣ «ስለዚህ ችግሩ ማውዝፒሱ አይደለም። ማውዝፒሱ ምንም አልሆነም» አልኩ።

ጋሽ በዳሳ መነጽራቸውን አደረጉና፣ «የእኔ ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ወረቀቱን እንደገና አንስቼ አነበብኩ። ሦስት፣ ሰባት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ጣታቸው በራሳቸው ሠንጠረዥ ላይ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። የገባኝ ያኔ ነው፤ ጣታቸው ወደ አሥረኛው ሲሄድ፣ እኔ ግን ሁሉንም አንብቤ ጨርሻለሁ።

«አራቱም?»

«አራቱም፣ ጋሼ።»

የነጥብ ወረቀታቸውን በአራት አጠፉት። የብረት ማውዝፒሳቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ ክዳኑን አደረጉበት፣ ኪሳቸው ከተቱ። ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «የሰጠሁትን ምክር እኔው ልቀበለው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰርጉ ላይ አንተ ትነፋለህ፣ ልጄ። ድምፅህ ንጹሕ ነው፤ እኔ ራሴ ስምንት ሰጥቼሃለሁ» ብለው ወጡ።

ዳኒ ሳይሰናበተኝ ሄደ። አብዶ በሩን ዘጋና ወደ እኔ መጣ። «ማል ጎቴ፣ ቲቸር?» አለኝ። ምን አደረግህ ማለቱ ነው። እውነቱን ነው የነገርኳቸው አልኩት። አብዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ ከእኔ ሌላ ይህን ያላወቀ ሰው የነበረ መስሎኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ከላላ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ማውዝፒሱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ደረታቸውም እንደ ድሮው አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ሲሰበር አብዶ ማውዝፒሱ ነው አለ፤ ከዚያ በኋላ ያን ቃል እውነት ለማስመሰል ሲባል አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከጂዳ ማውዝፒስ አስመጣ። «እኛ ድምፅ ፍለጋ ነው እንዴ በየሳምንቱ የምንሰበሰበው? ሰውዬውን ይዘን ነው እንጂ» አለኝ። ለሰርጉም መክረው ጨርሰው ነበር። አብዶ በግራቸው ይቆማል፣ ያንኑ ዜማ አብሯቸው ይነፋል፤ እሳቸው የጣሉትን እሱ ያነሳል። የድሮ ቡድኖች ነፊያቸው ሲያረጅ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እሳቸውም ራሳቸው በወጣትነታቸው ለአንድ ሽማግሌ ነፊ አድርገውታል። «ያውቁ ነበር?» አልኩት። «ማወቁን ያውቃሉ፣ ወላሂ። አልሰሙትም እንጂ» አለኝ።

ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም አልኩት። ይህ ይነገራል እንዴ፣ ሲል መልሶ ጠየቀኝ። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል፤ ጥፋቴን ለማሳነስ አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ወደ ጎን ጠርቶ በሁለት ቃል ቢነግረኝ ኖሮ ቴፔን ቤቴ ትቼ እመጣ ነበር። እነሱ ግን ሰው ሆኖ ይህን የማያውቅ ይኖራል ብለው አላሰቡም። የኮሌጅ ዲፕሎማዬም አላስተማረኝም።

በሰርጉ ቀን ነፋሁ። ጎባ ዳመና ነበር፣ ዳሱ ላይ የተወጠረው ሸራ ነፋስ ይመታው ነበር፣ ሌንሴ ነጭ ቬሎዋን ከጭቃው ሰብስባ ከቤት ወጣች። ጋሽ በዳሳ በአዲሱ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብሳቸው፣ ክንዱ ላላ ባለው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እንግዳው ሁሉ መጀመሪያ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ከዚያ እርስ በርሱ ተያየ። አንድም ጊዜ አልሳትኩም። ሲጥ አላለም፣ ትንፋሼ አላለቀም። ጋሽ በዳሳ አጨበጨቡልኝ። ሌንሴ አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። «አባቴን ምን ብለህ ነው ያስቀመጥከው?» አለችኝ፣ እንግዳው እንዳይሰማ በከንፈሯ ብቻ። ሚዜዎቹ ወደ መኪናው ወሰዷት። እኔም መንፋቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ የቅዳሜው ስብሰባ ቀረ። ጋሽ በዳሳ አራት ዓመት ኖሩ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል እንጂ ስለ ሳክስፎን አንድ ቃል አይናገሩም ነበር። አብዶ መቀሱን ሸጦ ብድሬ የምትባል ከተማ ገባ፣ ከብት ይነግዳል አሉ። ዳኒ ዲንሾ ቤተሰቤን ልጠይቅ ስሄድ ከመኪናው ላይ እጁን ያነሳልኛል፤ ከዚያ በላይ አይደለም። እኔ ማስተማሬን ቀጠልኩ። ሮቤ አድጋለች፣ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቷል፣ ሳክስፎን የሚነፉ ወጣቶችም አሉ። ከእነሱ አንዱ ድሮ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው። ባለፈው ዓመት ድምፄ ወደ ላይ ስወጣ ሲጥ ማለት ጀመረ። ደህና የሚባል ማውዝፒስ ከአዲስ አበባ አስመጣሁና ለእነሱ ወስጄ ነፋሁላቸው። ዕቃው መሰለኝ፣ እናንተ ምን ትላላችሁ አልኳቸው። ያ ተማሪዬ ስልኩን አወጣ፣ ድምፄ የት ላይ እንደሚወርድ በመስመር ስሎ አሳየኝ፣ ማውዝፒሱን ራሱ ነፍቶ አረጋገጠልኝ፣ ከዚያም በትሕትና፣ «ቲቸር፣ ማውዝፒሱ ምንም አልሆነም» አለኝ። አንዱን ብቻ ቀይሮ፣ ሌላውን ሳይነካ። በደንብ ነው ያስተማርኩት። አመስግኜው ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ግን አንድ ሰው እንኳ ቢዋሸኝ ብዬ ተመኘሁ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ እናንተ ሞክሩት። ዕድሜው የገፋ፣ እጁ ወይም ትንፋሹ ወይም ዓይኑ የከዳው፣ ግን ሙያውን የሚወድ ሰው ፈልጉ፤ አታጡም። ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጡ። ሲስት ቶሎ ብላችሁ ዕቃው ነው በሉት። ሳትስቁ፣ ሳታዝኑለትም፣ ሥራችሁን እንደያዛችሁ፣ ቀና ሳትሉ። እሱ ደግሞ ዕቃውን አገላብጦ አይቶ ልክ ነህ፣ ልክ ነሽ ሲላችሁ ሌላ ዕቃ አቀብሉት። እኔ ትናንት ማታ በሬን ዘግቼ ለራሴ ልለው ሞክሬ ነበር፤ ማውዝፒሱ ነው፣ አልኩ። ውስጤ ያለው አስተማሪ ግን አላመነኝም።